የተኛ ሕፃን ትንፋሽ በመሣሪያ ይጠበቃልን?

መግቢያ

የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ ወላጆች ሌሊት ደጋግመው የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ከእንቅልፋቸው ባንነው ወደ ሕፃኑ ይጠጋሉ፤ ጆሯቸውን አዘንብለው ትንፋሹን ያዳምጣሉ፤ ካልሰሙም መብራት አብርተው ደረቱ ከፍ ዝቅ ማለቱን ያያሉ። ይህ ሥጋት እንደ ሰው ልጅ ታሪክ የቆየ ነው። አዲሱ ነገር ሥጋቱን «እኔ ልሸከምላችሁ» የሚል መሣሪያ መምጣቱ ነው። በሕፃኑ እግር ላይ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ፣ በሽንት ጨርቁ ላይ የሚቆነጠጥ ወይም ከፍራሹ ሥር የሚነጠፍ የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ዛሬ በበርካታ አገሮች ገበያ ይሸጣል። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶችም ለአራስ ስጦታ እያሉ ወደ አገራችን ይልኩታል።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ መሣሪያ ጤናማ ሆኖ የተወለደን ሕፃን ከድንገተኛ ሞት ያድናልን? ጥያቄው የወላጆች ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን አንድ ሳይንሳዊ መላምት እንዴት እንደሚወለድ፣ እንዴት እንደሚስፋፋና በመጨረሻ በመረጃ ሚዛን ሲመዘን ምን እንደሚገጥመው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

1. ሕፃን እንዴት ይተነፍሳል?

አዲስ የተወለደ ጤናማ ሕፃን በደቂቃ ከ30 እስከ 60 ጊዜ ይተነፍሳል። ትንፋሹ ግን እንደ ሰዓት እኩል እየተመታ የሚሄድ አይደለም። ፈጠን ፈጠን እያለ ከተነፈሰ በኋላ ለ5 ወይም ለ10 ሰከንድ ያህል ጸጥ ይልና እንደገና ይጀምራል። የማያውቅ ወላጅ በዚህ ጸጥታ ይደነግጣል፤ ሆኖም ይህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደ ነገር ነው።

ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። አተነፋፈሳችንን የሚያዝዘው የአንጎላችን የታችኛው ክፍል፣ ማለትም ግንደ አንጎል ነው። በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከፍ ሲል ግንደ አንጎል «ተንፍስ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል። በጨቅላ ሕፃን ዘንድ ይህ ሥርዓት ገና አልበሰለም። ትእዛዙ ከልክ በላይ ይጠነክርና ሕፃኑ ፈጥኖ በመተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከሚገባው በታች ያወርደዋል። ከዚያም ጋዙ እንደገና እስኪጠራቀም ድረስ ትንፋሹ ለጥቂት ሰከንዶች ይቆማል።

የትንፋሽ መቋረጡ 20 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ወይም አጭር ሆኖም የልብ ምት መቀነስን ወይም የከንፈርና የቆዳ መጥቆርን ሲያስከትል ሐኪሞች «አፕኒያ» ይሉታል። አፕኒያ በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይከሰታል። በመጀመሪያው ከአንጎል ትእዛዝ ስለማይመጣ ደረት አይንቀሳቀስም። በሁለተኛው ደግሞ ትእዛዙ ይመጣል፣ ደረትም ይንቀሳቀሳል፤ ነገር ግን የአየር መተላለፊያው ስለተዘጋ አየር አይገባም። ይህን ልዩነት አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናል።

2. መሣሪያው የሚለካው ምንድን ነው?

መቆጣጠሪያዎቹን በአሠራራቸው በሦስት ልንከፍላቸው እንችላለን።

የመጀመሪያው የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ነው። ከፍራሽ ሥር ወይም ከልብስ ላይ ሆኖ የሕፃኑን እንቅስቃሴ ይከታተላል፤ ለተወሰኑ ሰከንዶች እንቅስቃሴ ካጣ ደወሉን ያሰማል። እዚህ ላይ መሣሪያው የሚያውቀው እንቅስቃሴን እንጂ ትንፋሽን አይደለም።

ሁለተኛው በሆስፒታሎች የተለመደው ነው። በሕፃኑ ደረት ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች አማካይነት እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይተላለፋል። ሳንባ በአየር ሲሞላ የደረት የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ስለሚለወጥ መሣሪያው ለውጡን ቆጥሮ ትንፋሽ ይለዋል። እንግዲህ ከላይ ያነሣነውን ሁለተኛውን የአፕኒያ ዓይነት እናስታውስ። የአየር መተላለፊያው ተዘግቶ ደረቱ በከንቱ ሲታገል መሣሪያው «ሕፃኑ ይተነፍሳል» ብሎ ሊመዘግብ ይችላል።

ሦስተኛው በብርሃን የሚሠራው የኦክስጅን መለኪያ ነው። የሥራ መርሑን ታኩዎ አዎያጊ የተባለው ጃፓናዊ መሐንዲስ በ1974 አስተዋውቋል። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢንና ኦክስጅን ያልያዘ ሄሞግሎቢን ብርሃንን የሚመጡት በተለያየ መጠን ነው። መሣሪያው 660 ናኖሜትር አካባቢ የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃንና 940 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ወይም በእግር በኩል ያሳልፋል፤ ከልብ ምት ጋር የሚለዋወጠውን የብርሃን ክፍል ለይቶ የኦክስጅኑን መጠን ያሰላል። በእግር የሚጠለቁት አዳዲስ ካልሲዎች የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። ሕፃኑ እግሩን ሲያወራጭ ወይም ካልሲው ሲላላ ግን ምልክቱ ይዛባል።

3. መላምቱ እንዴት ተወለደ?

ጤናማ የነበረ፣ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ተኝቶ ሳለ ሞቶ ሊገኝ ይችላል። አስከሬኑ ተመርምሮ፣ የሞተበት ቦታ ታይቶና የጤና ታሪኩ ተጠንቶ ምክንያቱ ካልታወቀ «የጨቅላ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት» ይባላል። ይህ ስያሜ መደበኛ ትርጉም ያገኘው በ1969 በአሜሪካ ዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በተካሄደ ጉባኤ ነው። ሞቱ በብዛት የሚከሰተው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ወር ባለው ጊዜ ነው።

በ1972 አልፍሬድ ስታይንሽናይደር የተባሉ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በአምስት ሕፃናት ላይ የተመሠረተ ጥናት አሳተሙ። ከአምስቱ ሁለቱ፣ እኅትና ወንድም፣ በቤታቸው ሞተዋል። ሐኪሙ በሕፃናቱ ላይ የተራዘመ የትንፋሽ መቋረጥ መታየቱን ጠቅሰው አፕኒያ የድንገተኛ ሞት ቅድመ ምልክት ሊሆን ይችላል አሉ። መላምቱ ማራኪ ነበር። ሞት ከመምጣቱ በፊት ትንፋሽ የሚቆራረጥ ከሆነ ትንፋሽን የሚከታተል መሣሪያ ወላጅን ቀስቅሶ ልጁን ያተርፋል ማለት ነው። በዚህ ተስፋ በሺዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ወደ ቤቶች ገቡ።

የታሪኩ ፍጻሜ ግን አሳዛኝ ሆነ። በ1995 የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት የሁለቱን ሕፃናት እናት አምስት ልጆቿን አፍና በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ አላት። ለመላምቱ ዋና ማስረጃ የነበሩት ሁለት ሞቶች በአፕኒያ የተከሰቱ አልነበሩም። በአምስት ሰዎች ላይ ብቻ የቆመ ድምዳሜ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

4. መላምቱ ሲፈተን

አንድ መላምት ደጋፊው ስለተሳሳተ ብቻ ሐሰት አይሆንም፤ በራሱ መፈተን አለበት። በ1986 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሰበሰበው የባለሙያዎች ጉባኤ መሣሪያው ለጤናማ ሕፃናት እንደማያስፈልግ ገልጾ ነበር። ሰፊው ፈተና የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ከ1994 እስከ 1998 በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች 1,079 ሕፃናት በቤታቸው መረጃን በሚመዘግብ መሣሪያ ክትትል ተደረገላቸው፤ ውጤቱም በ2001 ታተመ። የተመዘገበው ክትትል በድምሩ ከ718,000 ሰዓታት በላይ ነበር።

ውጤቱ ሁለት ነገሮችን አሳየ። አንደኛ፣ መሣሪያውን ለማስጮኽ የሚበቃ የትንፋሽ መቋረጥ ወይም የልብ ምት መቀነስ በጥናቱ ከተካተቱት ሕፃናት ከመቶ 41 በሚሆኑት ላይ ታይቷል። ጊዜያቸውን ጠብቀው በተወለዱ ጤናማ ሕፃናት ላይ እንኳ ከመቶ 43 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ ደርሶባቸዋል። ሁለተኛ፣ እጅግ የተራዘሙት መቋረጦች በብዛት የታዩት ጊዜያቸው ሳይደርስ በተወለዱ ሕፃናት ላይ ነበር፤ እርሱም ከፅንሰት ጀምሮ ሲቆጠር እስከ 43ኛው ሳምንት ገደማ ድረስ ብቻ ነው። ይህ ማለት ከመደበኛው የመውለጃ ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል አልፎ ሲሄድ አደጋው ይቀንሳል ማለት ነው። ድንገተኛ ሞት የሚበዛው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱ በጊዜ አይገጣጠሙም፤ አንዱ የሌላው ቅድመ ምልክት ነው የሚለው አሳብ በዚህ ተዳከመ።

በ2003 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ መሣሪያው ድንገተኛ ሞትን ለመከላከል እንዳይታዘዝ መከረ። በ2016ና በ2022 ባወጣቸው መመሪያዎችም ይህንኑ አጽንቷል።

5. ጥቂት ስሌት

የሒሳብ ተማሪዎች ነገሩን በቁጥር ቢያዩት ይበልጥ ይገለጥላቸዋል። 10,000 ጤናማ ሕፃናትን እናስብ። በአሜሪካ በቅርብ ዓመታት በዚህ ስያሜ የሚመዘገበው ሞት ከ10,000 በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት ወደ 4 ገደማ ነው። ደወሉ 20 ሰከንድ ላይ ቢታሰር ከላይ ባየነው መጠን 4,300 ሕፃናት ቢያንስ አንድ ጊዜ ያስጮኹታል። አሁን ለመሣሪያው እጅግ ቸር እንሁንለትና አራቱንም ሕፃናት አስቀድሞ ለይቷል እንበል። ከ4,300 ውስጥ 4 ማለት ደወል ከጮኸባቸው ከ1,000 በላይ ቤቶች እውነተኛው አደጋ ያለው በአንዱ ብቻ ነው ማለት ነው። በቀሩት ቤቶች ወላጆች በድንጋጤ ይነሣሉ፤ ጤናማ ሕፃን ይናወጣል፤ አንዳንዱም ያለ ፍላጎት ሆስፒታል ይገባል።

«እንግዲያው ደወሉን ወደ 30 ሰከንድ እናራዝመው» የሚል ይኖራል። በእርግጥ ይህን ያህል የሚቆይ አፕኒያ ከጤናማዎቹ ሕፃናት ከመቶ 2 ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ ስለታየ ሐሰተኛው ደወል በእጅጉ ይቀንሳል። ነገር ግን መዘግየቱ ራሱ ዋጋ አለው። በመሣሪያ ክትትል ሥር ሳሉ የሞቱ ሕፃናት መኖራቸው በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ ደወሉ ጮኾ፣ ወላጆችም ደርሰው ማዳን ያልተቻለባቸው ጊዜያት አሉ። መለካትና ማዳን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

6. ሕይወት ያተረፈው ምክር

መሣሪያው ያላደረገውን ያደረገ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሕፃኑን በጀርባው ማስተኛት ነው።

ከ1940ዎቹ አንሥቶ በምዕራብ አገሮች ሕፃናት በሆዳቸው እንዲተኙ በመጻሕፍት ጭምር ይመከር ነበር። ሕፃኑ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅ በማሰብ ነው። አሳቡ ትክክል ይመስል ነበር፤ ግን አልተፈተነም። በ1980ዎቹ ማብቂያ ከኔዘርላንድ፣ ከብሪታንያና ከኒው ዚላንድ የመጡ ጥናቶች በሆዱ የተኛ ሕፃን በድንገት የመሞት ዕድሉ በብዙ እጥፍ እንደሚጨምር አሳዩ። በ1991 ብሪታንያና ኒው ዚላንድ፣ በ1994 አሜሪካ ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ሰፊ ዘመቻ ጀመሩ። በአሜሪካ ሞቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ በብሪታንያ ከመቶ 80 ያህል ወረደ። ይህ ሁሉ የሆነው ባትሪም ደወልም በማይፈልግ ምክር ነው።

በ2005 የታተመ አንድ የጥናት ግምገማ ከዚህ ጋር የሚሰቀጥጥ ነገር አስከተለ። እስከ 1970 የነበሩት መረጃዎች በሥርዓት ተሰብስበው ቢታዩ ኖሮ በሆድ ማስተኛት ጎጂ መሆኑ ያን ጊዜ ይታወቅ ነበር፤ በብሪታንያ ከ10,000 በላይ፣ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ አካባቢ ቢያንስ 50,000 ሕፃናትም ከሞት ይድኑ ነበር። ስለ አፕኒያና ስለ መሣሪያው ብዙ በተደከመባቸው ዓመታት መልሱ በአተኛኘቱ ላይ ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? በ1994 የቀረበውና ዛሬም በሰፊው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ሦስት ነገሮች እንደሚገጣጠሙ ይናገራል። እነርሱም የተጋለጠ ሕፃን፣ ፈጣን የእድገት ወቅትና ከውጭ የሚመጣ ጫና ናቸው። የቦስተን ተመራማሪዎች በዚህ ከሞቱት በርካታ ሕፃናት ግንደ አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል ሥርዓት ጉድለት እንዳለበት አግኝተዋል። ጤናማ ሕፃን አፍንጫው ለስላሳ ፍራሽ ውስጥ ቢቀበርና የራሱን የወጣ አየር መልሶ ቢስብ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲጨምር ነቅቶ ፊቱን ያዞራል። የተጋለጠው ሕፃን ግን አይነቃም። የትኛው ሕፃን የተጋለጠ እንደሆነ ወላጅ በዓይኑ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ከውጭ የሚመጣውን ጫና ግን ማስወገድ ይችላል።

7. የዛሬው ገበያ

በ2018 የታተመ የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ጥናት ለወላጆች የሚሸጡ ሁለት የኦክስጅን መለኪያዎችን ከሆስፒታል መሣሪያ ጋር አነጻጽሮ ነበር። አንደኛው የኦክስጅን መቀነስን በአብዛኛው ቢለይም ሁልጊዜ አልለየም፤ ሌላው አንድ ጊዜም አልለየም። በ2021 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለአንድ ታዋቂ አምራች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ ምርቱ ከአገሪቱ ገበያ ወጣ፤ በ2023 መጨረሻ ደግሞ የተሻሻለ ምርት ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ ግን ለመለካት ችሎታው የተሰጠ ነው፤ ድንገተኛ ሞትን ይከላከላል ተብሎ የተፈቀደ መሣሪያ የለም።

መሣሪያው ራሱ አደጋ የሚያመጣበት ጊዜም አለ። በ2013 ከፍራሽ ሥር የሚነጠፍ 600,000 ያህል መቆጣጠሪያ በአሜሪካ እንዲስተካከል ጥሪ የተደረገው ሁለት ሕፃናት በሽቦው ታንቀው በመሞታቸው ነበር።

ይህ ማለት መሣሪያ ለማንም አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጊዜው ሳይደርስ ተወልዶ አፕኒያው ያልቆመለት፣ በቤቱ ኦክስጅን የሚሰጠው፣ በአንገቱ በተከፈተ ቱቦ የሚተነፍስ ወይም ግንደ አንጎሉ አተነፋፈስን በሚገባ የማያዝዝለት ሕፃን ሐኪም ባዘዘለት መሣሪያ ሊጠበቅ ይገባል። የእነዚህ ወላጆች ደወሉ ሲጮኽ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አስቀድመው ይሠለጥናሉ።

8. ወደ አገራችን ስንመለስ

በ2019 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ዳሰሳ መሠረት ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 33ቱ አንድ ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል። ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ያለጊዜ መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈንና ኢንፌክሽን ናቸው። ይህ ቁጥር ከላይ ካነሣነው የድንገተኛ ሞት መጠን ጋር ሲተያይ ትኩረታችን ወዴት መሆን እንዳለበት ይጠቁመናል።

ትንፋሽን መከታተል እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም ያገኛል። የጤና ባለሙያዎቻችን የሚጠቀሙበት የትንፋሽ መለኪያ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ነው። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ጸጥ ብሎ ሳለ አንድ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ ትንፋሹ 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ዳግመኛ ሲቆጠርም ይኸው ከሆነ የአደጋ ምልክት ነው። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ይባላል። ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ ጡት መጥባት የተወ፣ የሚያንቀጠቅጠው፣ ሰውነቱ የጋለ ወይም የቀዘቀዘ፣ ካልነኩት በቀር የማይንቀሳቀስ ጨቅላ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። እነዚህን ምልክቶች የሚያያቸው የነቃ ወላጅ ነው፤ በእግር የሚጠለቅ ካልሲ ሁሉንም አያያቸውም።

ለእንቅልፍ የሚሆነው ምክር በማንኛውም ቤት ሊፈጸም ይችላል፦

– ሕፃኑን በቀንም በሌሊትም በጀርባው ማስተኛት፤
– ጠንካራና ለጥ ያለ መኝታ መምረጥ፣ ትራስና ለስላሳ ነገር ከአጠገቡ ማራቅ፤
– ብርድ ሲሆን ልብስ መደረብ እንጂ በከባድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ፊቱንና ራሱን አለመሸፈን፤
– በወላጆቹ ክፍል፣ ነገር ግን በራሱ መኝታ ማስተኛት፤ በሶፋ ላይ አቅፎ ከማንቀላፋት፣ አልኮል ጠጥቶም ከሕፃን ጋር ከመተኛት ፈጽሞ መቆጠብ፤
– ጡት ማጥባት፣ ሕፃኑንም በማኅፀን ሳለ ጀምሮ ከሲጋራ ጭስ መጠበቅ።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከመግቢያው ጥያቄ ጋር እንገናኝ። ጤናማ ሕፃን ያላቸው ወላጆች የትንፋሽ መቆጣጠሪያ ልጃቸውን ከድንገተኛ ሞት ያድናል ብለው ሊገዙት አይገባም፤ ይህን የሚደግፍ ማስረጃ የለም። በስጦታ የመጣ ቢሆን ወላጆች አተኛኘቱን እስካልዘነጉ ድረስ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ አደጋው የሚጀምረው «መሣሪያው አለ» ተብሎ ሕፃኑ በሆዱ የተኛ እንደሆነ ነው። ሕፃኑ ትንፋሽ አጥቶ ሰውነቱ ቢዝል ወይም ቢጠቁር ደግሞ የመሣሪያውን ንባብ ሳይጠብቁ አፋጣኝ ርዳታ መሻት ያስፈልጋል።

ሌሊት ተነሥታ የልጇን ትንፋሽ የምታዳምጥ እናት በሥጋቷ አትነቀፍም። እኛ የሳይንስ ተማሪዎች የምናበረክትላት ነገር ቢኖር ሥጋቷን ወደሚጠቅመው ተግባር መምራት ነው። ይህን ለማድረግ ግን የሚያጽናና አሳብ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ፣ ለመታመንም አስቀድሞ መፈተን እንዳለበት ራሳችን ልንማር ይገባናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በክፍል 5 ያለውን ስሌት የሞቱ መጠን በ10 እጥፍ ከፍ ቢል ብላችሁ እንደገና ሥሩ። የደወሉ ጥቅም እንዴት ይለወጣል?
2. መሣሪያ የገዙና ልጃቸው በደህና ያደገላቸው ወላጆች «መሣሪያው አዳነልን» ቢሉ ንግግራቸው ለምን እንደ ማስረጃ አይበቃም?
3. «ትክክል ይመስላል» ተብሎ ሳይፈተን በአካባቢያችሁ የሚሰጥ አንድ የጤና ምክር ፈልጉ፤ ለመፈተንም ምን ዓይነት ጥናት እንደሚያስፈልግ ተወያዩ።